የሲስተር ማላቲ የግንቦት ፈቃድ

ሲስተር ማላቲ በፑኔ ከተማ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የወሊድ ክፍል ነርስ ናት። ዓመቱን ሙሉ ስትቆም ውላ ስትቆም ታድራለች። የዓመት ፈቃዷ የሚደርሰው በግንቦት ነው፤ በግንቦት ደግሞ ባሏ ዲንካር ቤት አያስቀምጣትም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የከተማ ልጆችን ወደ ተራራው ግርጌ ወስዶ ድንኳን መትከል፣ ገመድ መቋጠር፣ ዳገት መውጣት የሚያስተምር አንድ የበጎ ፈቃድ ማኅበር አለ። ዲንካር ገና በላጤነቱ የገባበት ነው። ሲያገባ ሚስቱን ጨመረ፤ ልጃቸው ሩጁታ ስትወለድ ደግሞ አዝለዋት ሄዱ። የሚያያቸው ሁሉ «እንዲህ ነው እንጂ ቤተሰብ!» ይላል። ማላቲ ይህን ስትሰማ ፈገግ ትላለች፤ ፈገግታው ግን ከጥርስ አያልፍም።

ዘንድሮ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ስለነበር ደፈር ብላ ጠየቀች።

«የሩጁታ አባት፣ እስቲ ዘንድሮ እኔ ልቅር?»

«አንቺ ከቀረሽ የልጆቹን ቁስል ማን ያያል? ደግሞ የከተማው ሙቀት ይፈጅሻል። እዚያ ነፋስ አለ፤ ታርፊያለሽ።»

ታርፊያለሽ! ዓመት በዓመት የሚላት ይህንኑ ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ሻንጣዋን ሸከፈች።

እዚያም ስትደርስ ዕረፍቱ ያው የምታውቀው ነው። ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ እሳት ማንደድ፣ የማሽላ ቂጣ መጠፍጠፍ፣ እሾህ መንቀል፣ እናቱ የናፈቀችውን ማባበል። ጥሬ ማንጎ ሰርቀው የበሉት ሆዳቸውን ይዘው ሲመጡ እየተቆጡ ማከም። የቅርቡ ጉድጓድ ስለደረቀ ውኃው ከታች ይቀዳል። ዲንካር ግን ፊሽካውን እየነፋ ከልጆቹ ጋር ይሯሯጣል፤ ሽበቱን ላላየ ሃያ ዓመት አይሞላውም። ልጆቹ ይወዱታል። እሷም ብትሆን ለዚያ ፊሽካው ነበር የወደደችው፤ ያኔ እግሯ አያብጥም ነበር።

ወደ አሮጌው የተራራ ምሽግ የሚወጡበት ቀን ደረሰ። ዲንካር ከፊት፣ ሩጁታ ከመሐል፣ ማላቲ እንደ ልማዷ የመድኃኒት ቦርሳዋን አንግታ ከኋላ ሆነው ተጓዙ። ከኋላ የሚቀረው ደካማው ነው፤ የዚያን ቀኗ ደካማ ሙግዳ የምትባል ወፍራም፣ ነገረኛ ልጅ ነበረች። ከተራራው ሥር የዝንጀሮው አምላክ የማሩቲ ትንሽ የድንጋይ ቤተ መቅደስ አለች። ሙግዳ ቤተ መቅደሷን አልፋ ጥቂት እንደወጣች ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«አልሄድም።»

«ተነሽ የኔ እናት፣ እኮ ደረስን!»

«አክስቴ ትዋሻለሽ። ትናንትም ደረስን ብለሽኛል።»

«ምን ላድርግ፣ እኔንም እንዲሁ እያሉ ነው የሚያስወጡኝ።»

«ጋሽ ዲንካር እኮ በጣም ቀላል ነው ብሎ ነበር።»

«አፍ ዳገት አይፈራም አሉ» አለችና ማላቲም ከጎኗ ተቀመጠች። እግሯን ዘረጋች። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም ትንሽ አፈረች።

ብዙም ሳይቆዩ ከገደሉ በኩል ጭስ ሸተታቸው። ሽርሽር የመጡ ጎረምሶች ከአለቱ ሥር እሳት አንድደው ኖሯል። ከአለቱ ላይ ደግሞ የትልልቅ የዱር ንቦች ቀፎ እንደ ጥቁር ጆንያ ተንጠልጥሏል። ወዲያው ከላይ የዲንካር ፊሽካ ሳያቋርጥ ጮኸ። የጨዋታ ፊሽካ አልነበረም። ሩጁታ የአንዱን ልጅ እጅ እየጎተተች ብቅ አለች፤ ሌሎቹ ከኋላዋ እየተንጋጉ።

«እማ፣ ንብ! ንብ ተነሥቷል!»

ማላቲ እንዴት እንደተነሣች አታውቅም። ሙግዳን ብብቷን ይዛ አስነሣቻት።

«ማሩቲ ጋ! ሁላችሁም ወደ ቤተ መቅደሱ! እጃችሁን አታወናጭፉ! ሙግዳ፣ አንቺ መንገዱን ምሪያቸው!»

ያቺ አልሄድም ያለች ልጅ ቁልቁለቱን እንደ ድንጋይ ተንከባለለች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ማላቲ በሩ ላይ ቆማ እየገፋች አስገባቻቸው፤ ሩጁታ የበሩን ክፍተት ከእናቷ ቦርሳ ባወጣችው አንሶላ ጋረደች። የተነደፉ ነበሩ፣ የሚያለቅሱም ነበሩ፤ ዲንካር ግን አልነበረም።

«ከኋላችን ነበር» አለች ሩጁታ። «ንቦቹን ወደ ራሱ ሲስብ ነበር መሰለኝ።»

ማላቲ የሳሪዋን ጫፍ እስከ አገጯ ተከናነበች፤ በላዩ ላይ ለበሽተኛ የያዘችውን ብርድ ልብስ ደርባ ወጣች። ዲንካርን ከመንገዱ ዳር በአፍጢሙ ተደፍቶ አገኘችው፤ ፊቱ ፊት አይመስልም። ንቦቹ ክንዷን እየነደፏት ጎትታ አስገባችው። ትንፋሹ ሲያፏጭ ስትሰማ ከቦርሳዋ ትንፋሽ የሚከፍት መርፌ አውጥታ ጭኑን ወጋችው። ከዚያም ፊቱ ላይ የተሰካውን መንደፊያ ሁሉ በጥፍሯ ትጠርግ ጀመር፤ በስልክ የተጠራው የመንደሩ ጂፕ እስኪመጣ እጇ አላረፈም።

በጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ትንፋሹ ተመለሰ፤ ዓይኖቹ ግን እንደተደፈኑ ነበሩ።

«ልጆቹስ?» አለ።

«ደህና ናቸው። የከፋው አንተ ነህ።»

«አንቺስ?»

ማላቲ ክንዷን አየች፣ እግሯን አየች።

«ደክሞኛል።»

«እንዴታ፣ ዛሬማ...»

«ዛሬ አይደለም የሩጁታ አባት። የዛሬ ድካም ብቻ ቢሆንማ በተሻለኝ። እኔ ድሮ ነው የደከመኝ። በሚቀጥለው ዓመት አልመጣም።»

ዲንካር ፊቱን ወደ ድምፅዋ አዞረ።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነግሬሃለሁ። አንተ ፊሽካህን ስትነፋ የሰው ድምፅ አይሰማህም።»

ሊስቅ ሞከረና ያበጠው ከንፈሩ አመመው። እጁን በዳበሳ ሰዶ የነካው የተነደፈውን ክንዷን ነበር፤ አመማት፤ እጁን ግን አላነሣችውም።

በተከታዩ ግንቦት ዲንካርና ሩጁታ ያለ እሷ ሄዱ። ዲንካር በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ፤ «እርግጠኛ ነሽ?» አላለም። ይህ እንኳ ለእሱ ብዙ ነው። ማላቲ በሩን ዘጋች፤ ማራገቢያውን ከፍታ ከወለሉ ላይ ተጋደመች። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷ አንኳኩታ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ስትላት ነው የነቃችው።

«አላመመኝም፤ ተኝቼ ነው።»

«በጠራራ ፀሐይ?»

«አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ።»

ማምሻውን ሩጁታ ደወለች። «እማ፣ በአንቺ ቦታ ሦስት ሰው መድበው ገና ቂጣው አልደረሰም! አባባ ሲጠፈጥፍ ብታይው፣ የሕንድን ካርታ ነው የሚሠራው!»

ማላቲ ሳቀች። ከጀርባ የልጆቹን ጫጫታ ስትሰማ ስልኩን ይበልጥ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ግን እግሯ አሁንም ይከብዳል፤ የዓመታት ድካም በአንድ ቀን እንቅልፍ አይለቅ። «እንግዲህ በርቱ» ብላ ስልኩን ዘጋችና፣ የጠዋቱን ሩዝ ሳታሞቀው በላች፤ ተመልሳም ተኛች።