ጮቄ ላይ በረዶ የያዘን ቀን

አባቴ ስለ ጮቄ ተራራ ሠላሳ ዓመት አስተምረዋል፤ እግራቸው ግን ረግጦት አያውቅም ነበር። ቢቸና የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ከተራራው የሚነሡትን ወንዞች ሰሌዳ ላይ ሲስሉ መጽሐፍ አይገልጡም፤ ጠመኔውን ሳያነሡ ከምንጫቸው እስከ ዐባይ ያወርዷቸዋል። እናቴ ካረፈች ከዓመት በኋላ፣ ጡረታ ወጥተው፣ እኔ በነርስነት ወደምሠራበት ወደ ሞጣ ሊጠይቁኝ መጡ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ፣ «ተራራው አናት ላይ ኩሬ አለ ይላሉ። እሱን ማየት እፈልጋለሁ» አሉኝ።

የደም ግፊታቸውን የምለካው እኔ ነኝ። አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን እናቴ ከተቀበረች ወዲህ አንድ ነገር እፈልጋለሁ ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነበር።

ጥቅምት ገብቷል፣ ክረምቱም ወጥቷል ብለን ቅዳሜ ማለዳ በጭነት መኪና ጋቢና ሄድን። መኪናው ካወረደን መንደር መንገድ የሚመራን ገበሬ አገኘን። አርባዎቹን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። አባቴን ከላይ እስከ ታች አያቸውና፣ «ጌታዬ፣ በቅሎዬን ልጫንልዎት?» አለ።

«እግር እያለኝ?» አሉ አባቴ፣ ቀድመውን መንገድ ጀመሩ።

የገብሱ ማሳ ሲያልቅ አቀበቱ ባሰ። ከአስታው ቁጥቋጦ በላይ ዛፍ የለም፤ ጓሳ ሣር ብቻ እስከ ሰማይ ድረስ ተነጥፏል፣ በመካከሉ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል እንደ ሰው ቆሟል። አየሩ ስለሳሳ እኔ ራሴ በየሃያ እርምጃው እቆም ነበር። አባቴ ግን ደከመኝ አይሉም። ጎንበስ ብለው አበባ የሚያዩ እየመሰሉ ትንፋሻቸውን ይሰበስቡ ነበር። ከንፈራቸው መጥቆሩን አየሁ። «እንረፍ» ስላቸው «አሁን ደረስን» ይሉኛል።

ሰባት ሰዓት ላይ ደረስን። ኩሬው ትልቅ አልነበረም፤ ከእግር ኳስ ሜዳ አይበልጥም። ውሃው ጥቁር ነው፤ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ሜዳ ከቦታል። አባቴ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ደስታቸውን አይቼ ማምጣቴ ጥሩ ነው አልኩ።

ይህን ካልኩ ብዙም ሳይቆይ ገበሬው ወደ ምዕራብ አየ። «ደመናው አላማረኝም። አሁኑኑ እንውረድ።»

«ውሃው የሚወጣበትን ሳላይ?» አሉ አባቴ። መውጫው ከኩሬው ማዶ ነበር።

«አባባ፣ እንመለስ።»

«አንቺ እዚህ ቁጭ በይ። ደርሼ እመጣለሁ።»

ሄዱ።  እጃቸውን መያዝ ስችል ተናድጄ ቀረሁ። ማዶ ሳይደርሱ ጉሙ ወረደና ዋጣቸው፤ ወዲያው በረዶው መጣ። ሽምብራ የሚያህል በረዶ ኩሬውን ሲመታው እንደ ብረት ምጣድ ጮኸ። ተጣራሁ፤ የራሴን ድምፅ እንኳ መስማት አቃተኝ። ገበሬው ክንዴን አጥብቆ ይዞ በኩሬው ዳር ዳር መራኝ።

ያገኘናቸው መውጫው አጠገብ ነው፤ ረግረጉ ውስጥ እስከ ወገባቸው ሰጥመው ሁለት እጃቸውን ጓሳ ላይ ጠምጥመው ነበር። ገበሬው በደረቱ ተኝቶ ብብታቸውን ይዞ ጎተተ፤ እኔ እሱን ጎተትኩ። ሲወጡ የግራ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀረ።

ሩብ ሰዓት ያህል ደግፈናቸው ወረድን። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ስንደርስ ጉልበታቸው ከዳቸውና ተቀመጡ። ገበሬው የለበሰውን የበግ ቆዳ ደበሎ አውልቆ ሰጠኝ።

«በቅሎዋን ይዤ እመጣለሁ። ከዚህ ድንጋይ እንዳትነቃነቁ። ከተንቀሳቀሳችሁ በዚህ ጉም አላገኛችሁም» ብሎ ሮጠ።

እርጥብ ሱሪያቸውንና ጋቢያቸውን አውልቄ ሹራቤን አለበስኳቸው፣ በደበሎው ጠቀለልኳቸው። ከድንጋዩ ሥር ያልረጠበ ጓሳ እየነጨሁ በደበሎው ውስጥ ጠቀጠቅኩ፣ እግራቸውን ብብቴ ውስጥ አስገባሁ። ከዚያ መንቀጥቀጣቸው ቆመ። ሰው ቢያይ ተሻላቸው ይል ነበር። እኔ ግን ሥራዬ ነውና አወቅሁ፤ በብርድ የተመታ ሰው ሳይሞቀው መንቀጥቀጥ ሲያቆም ወደ ሞት እየሄደ ነው።

እንዳይተኙ ብዬ፣ «አባባ፣ ከጮቄ የሚነሡትን ወንዞች ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ሙጋ…» አሉ። «ሱሃ… ጨሞጋ… ሙጋ…»

«ሙጋን ብለውታል። ሌላስ?»

«ሙጋ።» ዐይናቸው ተከደነ። ከዚያ በእናቴ ስም ጠሩኝ። «መሽቷል እኮ፤ ለምን ውጭ ትቆሚያለሽ? ግቢ» አሉ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ያኔ የሆንኩትን አላውቅም። ትከሻቸውን ይዤ ነቀነቅኋቸው። «አንተ! አንተ ሰውዬ! ክፈት ዐይንህን! ትሰማኛለህ? ክፈት!» ብዬ ጮህኩ። አባቴን አንተ ብዬ ጠርቼ አላውቅም፤ በቤታችን የማይታሰብ ነው።

ዐይናቸው ቀስ ብሎ ተገለጠ። «ማንን ነው… አንተ የምትይው?» አሉ።

እየሳቅሁ አለቀስኩ። «እርስዎን ነው። ይቆጡኝ። ይሳደቡ። ብቻ አይተኙ።» እውነትም ተቆጡኝ፤ ምላሳቸው እየተያያዘ ስለ ክብርና ስለ አስተዳደግ ነገሩኝ። እኔም አፍ እየመለስኩ አበሳጨኋቸው። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ ከጉሙ ውስጥ የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ። ገበሬው ወንድሙን አስከትሎ መጥቶ ነበር። አባቴን አንሥተው በቅሎዋ ላይ ጫኗቸው።

ገበሬው ቤት ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሚስቱ እሳቱን አነደደች፣ የገብስ አጥሚት ሠራች፤ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣኋቸው። እንደገና መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሌሊቱን እጄን ከደም ሥራቸው ላይ ሳላነሣ አደርኩ።

በማግሥቱ የመኪናው መንገድ ዳር ተቀምጠን ስንጠብቅ አባቴ መሬት መሬት እያዩ፣ «ትናንት አጥፍቻለሁ» አሉ። «እንመለስ ስትይኝ መመለስ ነበረብኝ።»

አባቴ ጥፋታቸውን ሲያምኑ ሰምቼ አላውቅም፤ ለእናቴም ቢሆን። «እኔም አልያዝኩዎትም» አልኩ። «መያዝ ነበረብኝ። ፈራሁዎት።»

«እኔን?»

«አዎ።»

ዞረው አዩኝ። ከዚያ፣ «እንደዚያ መሆኑን አላወቅሁም» አሉና እጄን ይዘው መኪናው እስኪመጣ አልለቀቁትም።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። የግራ እግራቸው ሁለት ጣቶች ግን ስሜታቸው አልተመለሰም። ጫማ ሲገዙ አብሬያቸው ሱቅ እሄድ ነበር፤ ተንበርክኬ በጣቴ እየነካሁ ጠቧቸው ወይም ሰፍቷቸው እንደሆነ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ።