አርዲት የከፈተችው በር

ያ በጋ ላብ ግንባር ላይ ሳይወርድ የሚደርቅበት ነበር። በቆሎው ወገብ ሳይደርስ ቅጠሉን ጠቀለለ። ንፋሱ አፈሩን በመስኮት ስንጥቅ እያስገባ የታጠበ ሰሃን ላይ ይነሰንሰዋል። በእኛ ወረዳ፣ በካንሳስ ምዕራብ፣ ሰው ሰላምታ የሚለዋወጠው ዓይኑን ከሰማይ ሳይነቅል ነበር።

አርዲት ኮልተርማን ባሏ ኦርቪል ከሞተ ወዲህ ማረስ ትታ መሬቷን ሣር አልብሳዋለች። መንግሥት አፈሩ በንፋስ እንዳይሄድ ብሎ መሬቱን ለሚያሳርፍ ገበሬ በየዓመቱ ይከፍላል፤ ውሉም ያለ ፈቃድ አይታጨድም፣ ከብትም አይገባበትም ይላል። የባንኩን ዕዳ የምትገፋው በዚያች ክፍያ ነው። ክፍያዋ ከቀረች መሬቱም ቤቱም ይሄዳል።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤቷ ቨርሊን ዲርክስ መጥቶ አጥሩን ተደገፈ።

«አርዲት፣ ላሞቼ የአጥር እንጨት መብላት ጀመሩ።»

«ያንተ ላሞች? አምና የተሰጣ ቀሚሴን በልተውብኝ የለ! ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?»

ቨርሊን ሳቀ። እርጂኝ አላለም። በእኛ ዘንድ ሰው አይለምንም። አጥር ይዞ ስለ ዝናብ ያወራል፤ ጎረቤት የሆነ ይገባዋል። አርዲትም ገባት። ኦርቪል እግሩን በሰበረ ዓመት ስንዴውን ያጨደለት የቨርሊን አባት ነበር።

በድርቅ ዘመን መንግሥት ከብት ሣሩ ላይ እንዲገባ ፈቃድ ይሰጣል። «ሰኞ ይመጣል» ብሎ አገር ሁሉ ያወራ ነበር። ታዲያ የከብት ሆድ ሰኞን የት ያውቃል? ሄዳ የሣሩን አጥር በር ለቨርሊን ላሞች ከፈተች።

ሰኞ ፈቃዱ መጣ፤ ለጎረቤት ወረዳዎች ብቻ። የእኛ ዝናብ የሚለካው ከተማው ዳር ነው፤ እዚያ ላይ አንዲት ደመና አልቅሳ አልፋ ኖሮ፣ ወረዳችን ድርቅ የለበትም ተባለ።

ውሉን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መስሪያ ቤት ሰው ሊያይ ይመጣል ሲባል፣ ቨርሊን የሽቦ መቁረጫ ይዞ ደረሰ። «ልቁረጠው። ላሞቹ ሰብረው ገቡ እንላለን።»

«ይሄን አጥር ያጠረው ኦርቪል ነው። ስትቆርጠው ቆሜ አላይም።»

ከመስሪያ ቤቱ የመጣው የባሏ የወንድም ልጅ፣ ሎረን ነበር። እበቱን አየ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አክስቴ፣ አጥሩ ተሰብሮ ነው አይደል? ላም መቼም አጥር ይሰብራል።»

«አጥሩ ደህና ነው። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«በናትሽ አክስቴ! አልሰማሁሽም።»

«እንግዲያው ጮክ ብዬ ልንገርህ?»

ሎረን ወደ መኪናው ሄዶ የሰማውን ወረቀቱ ላይ ጻፈ።

ውሉ ፈረሰ፤ ያለፉት ዓመታት ክፍያም መልሺ ተባለች። በመከር መሬቱ ለሐራጅ ወጣ። የገዛው የሩቅ ሰው ነው፤ ሣሩን ገልብጦ አረሰው፣ በሚያዝያም አፈሩ ተነስቶ ሄደ። እኩሌታው ሰው «ሞኝ ናት፣ አንድ ቃል ያድናት ነበር» አላት። የቨርሊን ላሞች ግን ክረምቱን ወጡ። እሱ ቤተ ክርስቲያን ከኋላዋ ይቀመጣል፤ ስትዞር አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። በየገናው የበሬ ሥጋ በሯ ላይ አስቀምጦ ሳያንኳኳ ይሄዳል።

አርዲት አሁን የወረዳው ከተማ ውስጥ ናት፤ ከእህል ጎተራው ጀርባ፣ የአረጋውያን መኖሪያ፣ በስተሰሜን ባለው የመጨረሻው ክፍል።