ያቺን ከተማ አልማርኳትም

ልጅ ሳለሁ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ በምንኖርበት አሮጌ አፓርትመንት፣ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ማታ ማታ በረንዳቸው ላይ ሲጋራቸውን ይዘው ይቀመጡና ስለ አንዲት የብራዚል ከተማ ያወሩልኝ ነበር። ያኔ የበረንዳው አምፖል ተቃጥሎ ማኔጀሩ ስላልቀየረው ፊታቸው አይታየኝም፤ የሚታየኝ የሲጋራው ፍም ነው፣ ሲስቡት ቀላ፣ ሲያወሩ ደብዘዝ የሚል። ጭሱ እሳቸውን ትቶ ወደ እኔ ይመጣል።

ጋሽ ደምሴ በደርግ ጊዜ ተሰደው፣ እዚህ ሳይደርሱ ብራዚል ጥቂት ዓመት ኖረዋል። ከተማዋ ቤሎ ኦሪዞንቺ ትባላለች፤ ውብ አድማስ ማለት ነው። «የክፍለ ሀገሩ የድሮ ዋና ከተማ ተራራ መሀል ተጣቦ መተንፈሻ አጣ። ሹማምንቱ ሌላ እንሥራ አሉ። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሣሏት። ቀጥ ቀጥ ያለ መንገድ፣ በሰያፍ የሚያቋርጠው ሰፊ ጎዳና፣ ዙሪያዋን ደግሞ እንደ መቀነት የሚያስር መንገድ። ከየት ተማሩት? ከዚችው ከዋሽንግተን!» ይላሉ፣ ራሳቸው የሣሏት ይመስል።

ቦታው ላይ ግን መንደር ነበረ፣ የንጉሥ በረት የሚባል፣ ቤተ ክርስቲያን ያለው።

«ሰዎቹስ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ደስ ብሏቸው ለቀቁ፣ የኔ ልጅ። እንዲህ ያለ ከተማ ሲመጣ ማን ይከፋዋል?»

አመንኳቸው። በህልሜ ሁሉ መንደርተኞቹ ፍራሽ ተሸክመው ሲስቁ አይ ነበር።

ከዚያ የእኛም አፓርትመንት ሊፈርስ ነው ተባለ። ሎቢው ውስጥ የአዲሱ ሕንፃ ሥዕል ተሰቀለ፤ ዛፍ አለው፣ ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሰዎች አሉት። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አድርገው፣ «ፕላኑን እዩት! እንዴት ያምራል!» አሉ። እማዬ የታጠበ ልብስ እንደታቀፈች፣ «ጋሼ፣ እኛ የቱ ጋ ነን? ውሻው ጋ?» አለቻቸው።

የባለሕንፃው ሰው ሊያነጋግረን በመጣ ቀን ሁላችንም ወረድን። እማዬ እንግሊዝኛ ስለማትችል አስተርጓሚዋ ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ታናሽ ወንድሜን አዝላ፣ «ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ? መንገድ ላይ ልደር? እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ» አለች።

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በእንግሊዝኛ፣ «ሕንፃው መቼ ያልቃል ትላለች» አሉት።

ሰውየው ደስ አለው። ፈገግ እያለ ረጅም መልስ ሰጠ። እማዬም ስለ እኛ የሚያወራ መስሏት ራሷን ትነቀንቃለች።

እኔ ግን ትምህርት ቤት ገብቼ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። «እማዬ፣ አልነገሩትም!» ብዬ ጮህኩ።

«ዝም በይ አንቺ!» አሉኝ። ወደ እማዬ ዞረው ደግሞ በሹክሹክታ፣ «ይሄ ፊት ለፊት ይነገራል እንዴ? ትንሽ ይሉኝታ የለም? ምን ይለናል ሰውየው!»

እማዬ ግን ትከሻዬን ይዛ ወደ ፊት ገፋችኝ፤ «አንቺ ንገሪው።»

ነገርኩት። ፈገግታው ጠፋ። አዝናለሁ አለና ሰዓቱን አየ። እኛም ቤቱን ለቅቀን ከዋሽንግተን ማዶ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ሄድን፤ ማናችንም አልሳቅንም።

ያኔ ነው የገባኝ። የዚያ የብራዚል መንደር ሰዎችም ደስ ብሏቸው አልለቀቁም፤ ይሉኝታ የያዘው አንድ ሰው መሀል ቆሞ እንዲያ ብሎ አወራላቸው እንጂ። በኋላ ስሰማ ከተማዋን የገነቡት ሠራተኞች እንኳ ብዙዎቹ ከመቀነቱ መንገድ ውጭ ነው የኖሩት። ውብ አድማስ! ለማን?

ጋሽ ደምሴ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከተማዋን ግን አልማርኳትም፤ ስለ እሷ ለልጄም አላወራላትም። አሁን እኔም እናት ሆኜ ሁሉም ነገር ያስፈራኛል፤ ሲያስነጥሳት እንኳ እደነግጣለሁ። ክሊኒክ ይዣት ስሄድ አንዲት እናት በአስተርጓሚ፣ በሰው አፍ ስታወራ ካየሁ ግን እግሬ ይተከላል። አላውቃት፣ አታውቀኝ። የኛ ስም ይጠራል፣ ልጄ ቀሚሴን ትጎትታለች፤ የሴትየዋ ቃል እንዳለ መድረሱን ሳልሰማ ግን ንቅንቅ አልልም።