አሳማው ያስተማረን ላቲን

ከአባቴ አልጋ አጠገብ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ የቀዘቀዘ ሻይ አይጠፋም። የወረቀት ኩባያ ነው፤ ሻዩ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ፣ የከረጢቱ ክር ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ይቆየኛል። ከሥራ ወጥቼ፣ ፔንደሉን፣ የከተማ ዳር ባቡሩን፣ በብርድ ጠብቄ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ ወንበሩ ላይ ዘፍ ስል መጀመሪያ የሚሸተኝ እሱ ነው። ደክሞኛል፤ ይህን ለማለት አላፍርም። ከስትሮኩ ወዲህ አባቴን አማርኛውም ስዊድንኛውም ጥለውት ሄደዋል። እኔም የቀረችኝን አፍ ለሐኪሞች ጥያቄ መልስ ስሰጥ እጨርሳታለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አማርኛ የምትሰማው ነርስ ተጠጋችኝ። እዚሁ ስዊድን ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ከእናቷ ጓዳ አልወጣም። አባቴ አሞኛል እያለ እንደሆነ፣ የት እንደሚያመው ግን እንደማያሳያቸው፣ ከዚያ ሻይ እንደሚጠይቅ፣ ሲያመጡለት ደግሞ እንደማይነካው ነገረችኝ። ሐኪሙ ማስታገሻውን ከፍ ሊያደርግለት አስቧል። ከፍ ካለ ግን አብዛኛውን ቀን በእንቅልፍ ነው የሚያሳልፈው።

«አንቺ ታውቂያቸዋለሽ» አለችኝ። «እውነት እያመማቸው ነው?»

እኔ የማውቀው አባቴ ጥርሱን ሲነቀል እንኳ አመመኝ ያላለ ሰው ነው። ሻይም አይወድም። እስኪነቃ ጊዜ እንድትሰጠኝ ለመንኳትና ቁጭ አልኩ። በቤታችን አመመኝ የሚለው ቃል የእኔ ድርሻ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ኩላሊቴን ታምሜ በረዶው እስኪቀልጥ ሮግስቬድ የሚባል ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ተኛሁ። ከመስኮቴ ማዶ ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ወደ ላይ ወጥቶ ሲያልፍ ይሰማኛል። ብርሃኑ ገና ምሳ ሳይፈጭ ይሸሻል፤ ማሞቂያው ብረት እንደ አሮጌ ጉልበት ቋ ቋ ይላል። በዚህ አገር ልጅን እቤት አስቀምጦ ማስተማር እንደ ልብ አይፈቀድም፤ ለታመመ ልጅ ግን ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ወደ ቤት ይልካል። የእኔዋ የብርቱካን ልጣጭ የምትሸት፣ በእርጥብ የሱፍ ካልሲ ቤታችን ውስጥ የምትራመድ ስዊድናዊት ሴትዮ ነበረች።

ምን መማር እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ «ኦርካር ኢንተ» እላታለሁ። አቅም የለኝም ማለት ነው። የዚህ አገር ልጆች ሳይደክማቸውም ይሉታል፤ እኔ ግን እውነቴን ነበር። ሂሳቡንም ታሪኩንም ጓደኞቼ ቀድመውኝ ሄደዋል፤ መጽሐፍ በተከፈተ ቁጥር የሚታየኝ ጀርባቸው ብቻ ነው። ውሎ አድሮ መናገሩንም ተውኩት። እናቴ ጎረቤት ጠርታ ከኩላሊቷ ይልቅ ዝምታዋ ነው የሚገድለኝ ስትል ሰምቻታለሁ።

አስተማሪዋ ብልህ ነበረች። ከክፍልሽ ልጆች አንዱም ያልጀመረውን እንጀምር፣ እዚያ ማንም አይቀድምሽም አለችኝ። ላቲን አልኳት። ሐኪሞቹ ከራስጌዬ ቆመው የሚያንሾካሹኩበት ቋንቋ ስለመሰለኝ፣ ስለ እኔ ምን እንደሚሉ ማወቅ ፈልጌ ነው። እሷም አባቴን ወጥ ቤት ጠርታ ለልጅቷ ደስ የሚላትን የላቲን መጽሐፍ ፈልግላት አለችው።

አባቴ ግራ ገባው። «ላቲንማ ታውቃለች» አላት። «ከእኔ የተሻለ አይደል እንዴ የምትጽፈው?» በማግስቱ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አንድ ወፍራም የሕፃናት መጽሐፍ ገዝቶ መጣ። ኤ ከፖም ጋር፣ ቢ ከሙዝ ጋር። አገር ቤት ላደገ ሰው ላቲን ፊደል ነው፤ የፈረንጅ ፊደል። ቋንቋም ይሆናል ብሎ ማን አሰበ? እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ግን በዚያ ዕድሜዬ ሙዝ መቁጠር ውርደት ሆኖብኝ ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ።

አስተማሪዋ በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት መጽሐፍ ራሷ ይዛ መጣች። አንዱ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከዳር እስከ ዳር ሰንጠረዥ ነው። በሌላው ሽፋን ላይ የሮማውያን ቀሚስ የለበሰ አሳማ ቆሟል። የሚያስደስታትን ምረጡ ብላ ሄደች። አባቴ ልጅ ሳለ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ፣ በዲቁናም ያገለገለ ሰው ነው፤ ትምህርት የሚያስደስት ነገር መሆኑን ማንም አልነገረውም። አሳማ ልጄን አያስተምራትም ብሎ ጥቁሩን አነሳ። እናቴም ሁዳዴ ደርሷል፣ ያንን እንስሳ ከገበታዬ ላይ አንሱልኝ አለች።

ከዚያ በኋላ ከአውቶቡስ ሥራው ሲመለስ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ አልጋዬ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። በረዶና ናፍታ ይሸታል። ጣቱን ሰንጠረዡ ላይ እያስኬደ ያነብልኛል፤ ስዊድንኛው ማብራሪያ ለእሱ ከላቲኑ አይሻልም ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ ስንደርስ «ኦርካር ኢንተ» እላለሁ። መጽሐፉን ቀስ ብሎ ይዘጋል። ከጎህ በፊት ተነስቶ መሪ ሲያዞር የዋለ ሰው ነው፤ እሱም ደክሞታል። ሁለታችንም ያንን ጥቁር መጽሐፍ ገና ስናየው እንዝል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ፀሐይ ስትወጣ ሳይሆን ልትወጣ ስታስብ፣ ከወጥ ቤት ሳቅ ሰማሁ። የአባቴ ሳቅ ነው፤ በአፍንጫው ጀምሮ ወደ ሆዱ የሚወርድ። ከታመምኩ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ግድግዳውን ይዤ፣ በእግር ሹራቤ ሄድኩ። አሳማውን ከፊቱ ዘርግቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ሲያየኝ ጉሮሮውን ጠረገና እንደ ቅዳሴ አዚሞ አነበበልኝ፤

«ፖርኩስ ሱም።»

አሳማ ነኝ ማለት ነው። ያ ግርማ ሞገስ ያለው ድምፅ፣ ምስባክ ያዜመበት ድምፅ፣ አሳማ ነኝ አለኝ። ሳቅኩ። ጎኔን እያመመኝ ሳቅኩ። እናቴ ከመኝታ ቤት ወጥታ እኔን አየች፣ አሳማውን አየች፣ ስለ ሁዳዴም አንድ ቃል አልተናገረችም።

አሳማው ወጥ ቤት እየገባ ይሰርቃል፣ ጌታው ይፈልገዋል፣ እሱ ይዋሻል። ሌላ የለውም። እኛ ግን ነገ ምን ይሰርቅ ይሆን እያልን እንጠባበቅ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከአሳማው የበለጠ ያስደሰተኝ ሌላ ነገር ነው። በስዊድንኛ እኔ እቀድመው ነበር፤ ወረቀት በመጣ ቁጥር እሱ ልጅ፣ እኔ አዋቂ እሆናለሁ። በአማርኛ ደግሞ እሱ ሲናገር እኔ በስዊድንኛ እመልሳለሁ፤ እንዲህ ስንተላለፍ ዓመታት ሄደዋል። ላቲን የማናችንም አልነበረም። እኩል ተሳሳትን፣ እኩል ገባን።

ግስ የሚጀምረው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ አባቴ ተገረመ። «እኛን የግዕዝ ግስ ያስጀመሩን ቀተለ ብለው ነው» አለኝ። «ገደለ፣ ገደለች፣ ገደልክ እያልን አደግን። እነዚህ ደግሞ እወዳለሁ ብለው ይጀምራሉ።» ከዚያ እያዜመ ያስጠናኝ ጀመር። አሞ፣ አማስ፣ አማት። አሞ እወዳለሁ ነው።

እናቴ ከሥራ ስትገባ እኔ ክፍሌ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አሞ፣ አሞ እያልኩ እየሸመደድኩ ነበር። በረዶ የያዘ ጫማዋን ሳታወልቅ ሮጣ ገባችና ቀዝቃዛ እጇን ግንባሬ ላይ አሳረፈች። «የት ነው ያመመሽ? ንገሪኝ፣ የት ነው?» አሞኛል ልል ጀምሬ ቃሉ አፌ ላይ የቀረ መስሏት ነው። አባቴ ከበር ሆኖ ላቲን መሆኑን፣ ትርጉሙም እወዳለሁ መሆኑን አስረዳት። እሷ ትንፋሿን ሰበሰበችና «ማንን?» አለችው።

አባቴ አፈረ። በቤታችን እወድሻለሁ የሚባል ቃል የለም። በልተሻል ወይ አለ፣ ሹራብሽን ለብሰሻል ወይ አለ፤ ያኛው የዘፋኞች ነው። መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ገና አልደረስንበትም» አላት። «ማንን የሚለው በሚቀጥለው ምዕራፍ ነው።» እሷም አማት የሚለውን ገጹ ላይ በጣቴ ሳሳያት፣ ባሕር ተሻግሬ ያመለጥኳቸውን አማቴን እዚህ ድረስ አመጣችሁብኝ ብላ ጫማዋን ልታወልቅ ሄደች።

በሚቀጥለው ምዕራፍ አብረን አልደረስንም። በረዶው ቀለጠ፣ ኩላሊቴም ታረቀኝ፣ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ልጅነት የዳነበትን መድኃኒት አይጠይቅም። አሳማው ከመደርደሪያው ጠፋ፤ አስተማሪዋ የወሰደችው መሰለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባልሽን ምን በላው ብላ ለጠየቀቻት ጓደኛዋ እናቴ፣ አሳማውን በቦርሳው ይዞ ነው ሥራ የሚወጣው፣ አውቶቡሱ ተራ እስኪደርሰው ያነባል ስትል ሰምቻለሁ። ቀልዷ መስሎኝ አለፍኩት። እሷ አሁን የለችም፤ ልጠይቃት አልችልም።

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ያው የጥንቱ ነው፣ ሳይመጣ የሚሄደው። ፊቴን ፈልጎ አገኘውና ደህናው ግማሽ ከንፈሩ ይታገል ጀመር።

«አሞ» አለ። አረፈ። ብዙ ቆይቶ «ቴ» አለ።

ነርሷ ትኩስ ኩባያ ይዛ እበሩ ላይ ነበረች። «አየሽ? አሞኛል ይላሉ፣ ከዚያ ቴ ይላሉ።» በስዊድንኛ ቴ ሻይ ነው። ምን ታድርግ፣ በአንድ ጆሮዋ አማርኛ፣ በሌላው ስዊድንኛ ሰማችው።

እኔ ግን ሁለቱን ቃላት አገጣጠምኳቸው። ቴ በላቲን አንቺን ነው። አሞ ቴ። የሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። ብቻውን፣ አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሳይሳፈር፣ ደርሶበት ኖሯል።

ማስታገሻው አይጨመርለት፣ አላመመውም አልኳት።

«ታዲያ ምንድን ነው የሚሉት?»

በአማርኛ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አልወጣ አለኝ። «ላቲን ነው» አልኳት።

«ላቲን? ፊደሉን?» አለች።

የአባቴ ደህናው ትከሻ ተንቀሳቀሰ። ሳቁ ነው፤ ከአፍንጫው ጀምሮ ሆዱ ሳይደርስ ቀረ። ነርሷ ኩባያውን አስቀምጣ ወጣች። እጁን ያዝኩና «አሞ ቴ፣ አባዬ» አልኩት። ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ ወደ በሩ አዞረ፤ አንዲት ሴት በረዷማ ጫማዋን ሳታወልቅ የት ነው ያመማችሁ እያለች የምትገባ ይመስል። እኔም ዞሬ አየሁ። ማንም አልመጣም። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አንስቼ ጠጣሁለት።