ከሠርጌ በፊት ወደ ቡልቡላ የተላከው ወንድሜ

ባለፈው ሳምንት አዳማ ውስጥ ጤና ጣቢያ ግፊቴን ልለካ ተራ ስጠብቅ፣ አንዲት ወጣት ነርስ ወረፋ ላይ ለነበርነው ስለ አእምሮ ሕመም አስተማረች። «ልጃችሁ እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት» አለች። አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ስለ ሽንኩርት ያወሩ ነበር። እኔ ታናሽ ወንድሜን ሙሉጌታን አሰብኩ።

ከተማዋን ናዝሬት የምንላት ጊዜ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ እሱ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ቤቱን በሳቅ የሚሞላ ልጅ ነበር። ያን ዓመት በበጋው፣ አቧራው በየበሩ ሥር እየገባ ሲያስቸግረን፣ ቀስ በቀስ ዝም አለ። እንቅልፍ አጣ። «ራዲዮኑ ስሜን ይጠራል» እያለ በብርድ ልብስ ይጠቀልለው ጀመር።

የሰፈራችን ድሬሰር፣ የጤና ረዳቱ፣ አየውና አባቴን፣ «ጋሽ ኃይሉ፣ ይሄ ሕመም ነው። ገና መጀመሩ ነው። አዲስ አበባ ሐኪም አለ፣ መድኃኒትም አለ፤ አይቆይ» አላቸው።

አባቴ ሰሙት። ግን ለእኔ ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ የጠያቂውም ልጅ ወገኖች ስለ ዘራችን በየጎረቤቱ እያጠያየቁ ነበር። በቤቱ የአእምሮ ሕመምተኛ አለ ከተባለ ነገሩ ይፈርሳል።

«ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ይለፍና እንወስደዋለን» አሉ።

እስከዚያ ቡልቡላ አክስታችን ዘንድ እንዲቆይ ተወሰነ። በአውቶቡስ ያደረስነው እናቴና እኔ ነን። ዝዋይ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ገዛንለት። አልበላም፤ እሾሁን እየለቀመ ለእኔ ያቀርብልኝ ነበር። አክስቴ ቤት በር ላይ ሻንጣውን አስቀምጦ አየኝ።

«የምትዳሪው አንቺ፣ ከቤት የምወጣው እኔ!»

ሳቅን። ከዚያ ቀን በኋላ ሲቀልድ አልሰማሁትም።

በሠርጌ ቀን «ሙሉጌታስ?» ለሚሉት «ለፈተና እያጠና ነው» ተባለ። አክስቴ አቅራቢያዋ ወዳለው ሐይቅ እየሄደ ሲያስቸግራት፣ እንዳይጠፋባት ብላ እግሩን አስራው ኖሯል። ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

አዲስ አበባ የተወሰደው ክረምት ሲገባ ነው። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ «ያኔውኑ ብታመጡት ጥሩ ነበር» ብቻ አለ። መድኃኒቱ እንቅልፉን መለሰለት፤ ድምፆቹንም ዝቅ አደረገለት። ትምህርቱን ግን አልቀጠለም። ጨዋታውም እንደ ቀረ ቀረ።

አንድ ቀን የሙሉጌታን ሕመም ለባለቤቴ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣

«አርሲ ነገሌ አንዲት አክስት አለችኝ» አለ። «እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። እኛም ከእናንተ ደብቀናት ነበር።»



ዛሬ ሙሉጌታም፣ ባለቤቴም፣ አክስቱም በሕይወት የሉም። የሰው ቤት ጉዳይ ውስጥ መግባት አልወድም። አምና ግን አንዲት ጎረቤቴ ልጇ ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን እያወራ እንደሚውል ነገረችኝ።

«ሐኪም አየው?» አልኳት።

«እማማ፣ የእህቱ ሠርግ ይለፍና...»

«ዛሬ እንሂድ» አልኳት።

ነጠላዬን አነሣሁ፤ ባጃጅ ይዘን ከልጇ ጋር ሦስት ሆነን ወደ ሐኪም ሄድን። ለሙሉጌታ ላደርግለት የምችለው ከዚህ ሌላ የቀረኝ የለም።