ሸህ ይማም ከወለል የለቀሙት ፕሮግራም

ዛሬ ደሴ ፒያሳ ላይ ሸህ ይማም አቅፈው ሳሙኝና «ያ ማሽንህስ ገባው ወይ?» አሉኝ።

በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። በአማርኛ ቃላት የራሴን የፕሮግራም ቋንቋ አዘጋጅቼ፣ ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራው ማሽን እንዲገባው ተርጓሚ ፕሮግራም እጽፍለት ነበር። የፋብሪካው ዘበኛ ሸህ ይማም በየጠዋቱ «ዛሬስ ገባው?» ይሉኝ ነበር።

ጦርነቱ ሲቃረብ ሁሉን ጥዬ ሸሸሁ። እሳቸው ግን «ፊደል ያለበት ወረቀት አይረገጥም» ብለው የፕሮግራሜን ወረቀቶች ከወለል ለቅመው፣ ከኪታባቸው ጋር አስቀምጠዋቸው ኖረዋል። ዛሬ ይዘው መጥተው አስረከቡኝ።

«ገና አልገባውም፣ አባባ» አልኳቸው፤ ጡረታ መውጣቴን ሳልነግራቸው።

«ታዲያ ወረቀቱ ይኸው! ምን ትጠብቃለህ?»

አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። እናንተስ፣ ጥላችሁት የሸሻችሁትን ማን አነሳላችሁ?