ወንዙን በአዳራሽ ፍለጋ

ከጠዋቱ 12:20፣ ዶሮ ማነቂያ

ጉዞው የሚጀምረው ከቤቴ ደጃፍ ነው። አጎቴ ሼህ ይመር የንጋቱን ሱብሒ ሶላት ከሰገዱ ጀምሮ ጫማቸውን አጥልቀው በር ላይ ተቀምጠዋል። ከወሎ ቆላ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተንገላተው የገቡት ትናንት ማታ ነው። ጉዳያቸው ይሄ ነው፦ አንድ ኩባንያ ከመንደራቸው ወንዝ ጠጠር እየዛቀ በከባድ መኪና እስከ ወደብ፣ ከዚያም በመርከብ ባሕር ማዶ ሊልክ አስቧል። በበጋ ወንዙ ሲደርቅ መንደሩ የሚጠጣው ያንኑ ጠጠር በእጁ ጭሮ ከሥሩ ውሃ እያወጣ ነው። ጠጠሩ ከሄደ ውሃውም ይሄዳል። "የማኅበረሰብ ምክክር" የተባለው ስብሰባ ግን የተጠራው አዲስ አበባ ነው። ወንዙ መምጣት ስላልቻለ አጎቴ መጡ።

"አባባ፣ ስብሰባው እኮ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው" አልኳቸው።

"ሰው ጠርቶ የሚያረፍድ አለ እንዴ?" አሉኝ። አዲስ አበባን አያውቋትም።

1:10፣ ፒያሳ

አዲሱ የእግረኛ መንገድ ከእኔ ሳሎን ይሰፋል። አጎቴ አበባው ዙሪያ ከተነጠፈው ጠጠር ጎንበስ ብለው አንዱን አነሱና በአውራ ጣታቸው አሹት። "ይሄ የወንዝ ነው፤ ውሃ ነው ያለሰለሰው። የማን ወንዝ ነው?" እኔ እንጃ። በየቀኑ ወደ ልብስ ስፌት ሱቄ ስሄድ በዚህ አልፋለሁ፣ አንድ ቀንም ጠይቄ አላውቅም። አፈርኩ።

ካፌ ገባን። ማኪያቶ ሰባ ብር፣ ያውም ቆሞ ለሚጠጣ። አጎቴ ውሃ ጠየቁ፤ በላስቲክ ጠርሙስ መጣላቸው።

"ይሄም ይሸጣል?"

"ይሸጣል።"

"እኛንም ወደዚህ ሊያመጡን ነዋ!" አሉ።

2:15፣ አራት ኪሎ

በጥሪው ወረቀት ላይ የተጻፈው አዳራሽ ተቆልፏል። ጥበቃው አዘነልን። "ቴዎድሮስ አደባባይ ወዳለው ሆቴል ተዛውሯል አባት። አልደወሉላችሁም?" ማንም አልደወለም። ወንዝ ሊያዛውር ያሰበ ኩባንያ አዳራሽ ማዛወር ምን ያቅተዋል!

የያዝነው ታክሲ ሾፌር ወሬያችንን ሰምቶ "ምሳ ካለው እኔንም ማኅበረሰብ ብላችሁ አስገቡኝ" አለን። ከብዙዎቹ ተሰብሳቢዎች የተሻለ ምክንያት ነበረው።

3:00፣ ቴዎድሮስ አደባባይ

ከአጎቴ በቀር ወንዙ አጠገብ የሚኖር አንድም ሰው የለም። ሰብሳቢው ባለ ክራባት፣ ጨዋ መሳይ ሰው ነው። "እንደ ባህላችን አባታችን በዱዓ ይክፈቱልን" አለ። በወሎ ያለ ዱዓ የሚከፈት ስብሰባ የለም፤ አጎቴም ደስ አላቸው። እጃቸውን ዘርግተው ለአገር ሰላም፣ ለተሰበሰበው ጤና፣ ለመንገደኛው በሰላም መግባት ለመኑ። አዳራሹ "አሚን" አለ።

ከዚያ ግድግዳው ላይ የወንዙ ፎቶ በራ፤ ከዳር እስከ ዳር የሞላ። "ይሄ በነሐሴ የተነሳ ነው" አሉ አጎቴ። "በሚያዝያ መጥታችሁ አንሱት!" ፎቶውን የሚያሳየው የኩባንያው ባለሙያ በትሕትና አዳምጦ "ተጽዕኖው መጠነኛ ነው" ወደሚለው ገጽ አለፈ። መጠነኛ! እሱ ፊት ሦስት ጠርሙስ ውሃ ተደርድሯል።

6:00፣ እዚያው

ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን አነበበች። "የአካባቢው አባት ፕሮጀክቱ እንዲሳካ ዱዓ አድርገዋል፤ ተሳታፊውም አሚን በማለት ተቀብሏል።" ሰብሳቢው እስክሪብቶ ዘረጋላቸው።

"እኔ ዱዓ ያደረግኩት ለሰዎቹ ነው" አሉ አጎቴ።

"ያው ነው አባት።"

ደሜ ፈላ፤ ብድግ ስል አጎቴ ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ። "አብሽር፣ አይዞህ" አሉኝ። ያደረጉትን ዱዓ መልሰው አይወስዱትም፤ ነውር ነው። ወደ አዳራሹ ዞሩ። "እስቲ ጀማው፣ እጃችሁን ዘርጉ።" ሰው ሁሉ ሳያስብ ዘረጋ፣ ሰብሳቢውም ጭምር። "ያ አላህ! የልጆቻችንን ውሃ ሊነካ የተነሳን እጅ ከልክልልን!"

"አሚን!" የሰብሳቢው ድምፅ ከሁሉም ጎልቶ ተሰማ።

"በይ ልጄ፣ ይሄንንም ጻፊ" አሏት ጸሐፊዋን። "አሚን ያለ ሁሉ ይፈርምበት።" ልጅቷ ሰብሳቢውን አየችው፣ እሱ ጣሪያውን አየ፣ እሷም ጻፈች። አጎቴ ሳይፈርሙ ወጡ። እኔ ግን በኩራት አብጬ ነበር።

6:40፣ የሆቴሉ በር

ሰብሳቢው ተከትሎን ወጣ። አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው። "አባት፣ ቃለ ጉባኤው ይስተካከላል። የመዛቂያ ማሽኖቹ ግን ለሙከራ ትናንት ከዚህ ወደ ወንዙ ተነስተዋል፤ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።" አጎቴን እጅ ነስቶ ወደ ምሳው ተመለሰ።

እንደዚያን ሰዓት ሰው ጠልቼ አላውቅም።

"መናኸሪያ ውሰደኝ" አሉኝ አጎቴ።

"ዛሬማ ይረፉ አባባ፣ ወገብዎ ገና አልተላቀቀም።"

"ሰውየው ማሽኑ መንገድ ላይ ነው እያለህ?"

8:30፣ ላምበረት መናኸሪያ

ወደ ወሎ የሚወጣ አንድ ሚኒባስ ብቻ ቀርቷል። ከኋላ ሁለት ቦታ ያዝኩና ነገ ልብስ ለሚወስዱ ደንበኞቼ ሱቁ ዝግ መሆኑን ደውዬ ነገርኩ። አጎቴ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። ጠዋቱን ሙሉ በባለ ክራባቶቹ በልቤ ስስቅ አረፈድኩ እንጂ ያንን ወንዝ እኔም አይቼው አላውቅም።